ዋኒስ ማንን አዳነ?

በፈረንጆቹ አፕሪል 3 ቀን 2021 ካይሮ የ22 ጥንታዊ ነገሥታትና ንግሥታትን አስከሬን በወርቅማ ተሽከርካሪዎች ጭና በአደባባይ አሳለፈች። ኦርኬስትራ ነበር፤ መድፍ ተተኮሰ፤ ፕሬዚዳንቱ ሙዚየሙ በር ላይ ቆመው ተቀበሉ። ቪዲዮውን ብዙዎቻችን አይተነዋል። ከነገሥታቱ በርከት ያሉት፣ ራምሴስ ሁለተኛን ጨምሮ፣ በ1881 ከሉክሶር ማዶ ከአንድ ጥልቅ ጉድጓድ የወጡ ናቸው። የሻዲ አብደል ሰላምን «አል-ሙሚያ» (1969) ያየ ሰው ግን ያንን ሰልፍ በሌላ ዓይን ነው የሚያየው።

ፊልሙ ላይ ከተራራው ሥር የሚኖር አንድ ጎሣ ከመቃብር ዕቃ እያወጣ በመሸጥ ይተዳደራል። አባት ሲሞት ምስጢሩ ለሁለት ልጆቹ ይገለጣል። ታላቁ እምቢ ይልና ይገደላል። ታናሹ ዋኒስ በፍርስራሾቹ መሀል ሲንከራተት ከርሞ፣ ከካይሮ በመርከብ ለመጣው የቅርስ ባለሙያ ለአህመድ ከማል ይናገራል። ሌሊት ጉድጓዱ ይከፈታል። ንጋት ላይ የሬሳ ሣጥኖቹ በሰው ትከሻ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ።

የፊልሙ ትልቁ ነገር እዚህ አለ፤ ቁፋሮን እንደ ቀብር ያሳየናል። ማንም «አገኘን!» ብሎ አይጨፍርም። ገጸ ባሕርያቱ በሰፈር ዓረብኛ ሳይሆን በመጽሐፍ ቋንቋ፣ ቀስ ብለው ነው የሚነጋገሩት። ልቅሶ ቤት የተቀመጥን ያህል ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። ሌባው ሙታኑን ቆራርጦ ይሸጣል፤ መንግሥት ቆጥሮ ይወስዳል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ መንደሩ ግን በሁለቱም መንገድ ሙታኑን ያጣል።

ከፊልሙ ጋር የምጣላው ግን ሌላ ቦታ ነው። በእውነተኛው ታሪክ ምስጢሩን ያወጣው የአንድ ወጣት ሕሊና አይደለም። የአብደል ረሱል ወንድማማቾች ተይዘው የውስጥ እግራቸውን ተገርፈዋል። ቤተሰቡ እርስ በርሱ ሲጣላ ነው ታላቁ ወንድም መሐመድ የተናገረው፤ ሽልማትም ተቀብሏል። ቁፋሮውን የመራውም ኤሚል ብሩክሽ የተባለ ጀርመናዊ ነበር፤ አህመድ ከማል ረዳት ነበር። ጉድጓዱ በሁለት ቀን ተራገፈ። የትኛው ሣጥን የት እንደነበር እንኳ በወጉ አልተመዘገበም፤ ፎቶም አልተነሳም።

ዳይሬክተሩ ግብፃዊውን ወደፊት ማምጣቱ ይገባኛል። የራስን ታሪክ ከባዕድ እጅ መመለስ ነው እኮ! ግርፋቱን ማውጣቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ጅራፉ ሲጠፋ መንግሥት ንጹሕ ይሆናል፤ ጥፋቱ ሁሉ የድሃው መንደር ይሆናል። በዚሁ አስተሳሰብ ነው ከመቃብሮቹ ላይ የተሠሩት የጉርና ቤቶች ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ በዶዘር የፈረሱት፤ ሙታኑን ለመጠበቅ ተብሎ ሕያዋኑ ተነሡ።

አብደል ሰላምን ከፕሮፓጋንዳ የሚያድነው መጨረሻው ነው። መርከቡ ነገሥታቱን ይዞ ሲሄድ ዋኒስን የሚያመሰግነው የለም። ወንድም የለው፣ ጎሣ የለው፣ እንጀራ የለው። ልክ ሠርቷል፤ ግን ብቻውን ቀርቷል። ፊልሙ ይህን አይደብቅም፣ አያጽናናንምም።

በ2009 ታድሶ የወጣው ቅጂ ጥራቱ ግሩም ነው። ስታዩት ሣጥኖቹን ብቻ ሳይሆን ተሸካሚዎቹንም እዩ። የ2021ዱ ሰልፍ ላይ የጎደሉት እነሱ ናቸው።