የጆርጅ ማርቲን 24 ሜዠር

የቢትልስ «ኤ ደይ ኢን ዘ ላይፍ» መሃል ላይ እየጨመረ፣ እየናረ ሄዶ የሚፈነዳውን የኦርኬስትራ ድምፅ ብዙ አድማጭ ትርምስ ይለዋል። ፕሮዲዩሰሩ ጆርጅ ማርቲን የ«ሳርጀንት ፔፐር» አልበምን ቅጂ ባስታወሰበት «ሰመር ኦፍ ላቭ» መጽሐፉ ያን ትርምስ እንዴት እንደጻፈው ይተርካል።

ዘፈኑ በጥር 1967 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ መቀረጽ ሲጀምር፣ በጆን ሌነን ግጥምና በፖል ማካርትኒ ክፍል መካከል 24 ሜዠር ባዶውን ተተወ። ምን እንደሚገባበት ገና አልተወሰነም። ረዳታቸው ማል ኢቫንስ ሜዠሮቹን ጮክ ብሎ ቆጠረ፤ ማብቂያውን ለማመልከትም የማንቂያ ሰዓት አስጮኸ። የማካርትኒ ክፍል ከእንቅልፍ በመንቃት ስለሚጀምር ደወሉ ሳይጠፋ እዚያው ቀረ።

ማካርትኒ 90 ሙዚቀኛ ፈልጎ ነበር፤ ማርቲን 40 አመጣለት። ከዚያ ለእያንዳንዱ መሣሪያ መነሻው ላይ ሊያወጣ የሚችለውን ዝቅተኛ ኖታ፣ መድረሻው ላይ ደግሞ ለኢ ሜጀር ኮርድ የሚቀርበውን ከፍተኛ ኖታ ጻፈለት። በሁለቱ መካከል ያለው ጠመዝማዛ መስመር ነው፤ በየሜዠሩ የት አካባቢ መድረስ እንዳለባቸው ብቻ ይጠቁማል። ዕድሜ ልካቸውን እንደ አንድ ሰው መጫወት የተማሩትን ባለሙያዎች ጎረቤታችሁን አትስሙ፣ በየራሳችሁ መንገድ ውጡ አላቸው። ማርቲንን የማደንቀው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ጫፎች ጠብቀው ባይታሰሩ ኖሮ መሃሉ ያን ያህል ሊለቀቅ ባልቻለ ነበር።

የዚያን ጊዜ የመቅረጫ ማሽን አራት ትራክ ብቻ ነበረው። መሐንዲሱ ኬን ታውንሰንድ ሁለት ማሽኖችን አያይዞ አብረው እንዲሄዱ አደረገ፤ ኦርኬስትራውም ደጋግሞ ተቀርጾ ተደራረበ። 40 ሰው የ160 ያህል ድምፅ የሰጠው እንዲህ ነው።

ማሳረጊያው ኮርድ የተቀረጸው በየካቲት 22 ነው። ሌነን፣ ማካርትኒ፣ ሪንጎ ስታርና ኢቫንስ ፒያኖዎችን እኩል መቱ፤ ማርቲን ሃርሞኒየም ያዘ። ይህም ተደራረበ። የተመታ ፒያኖ ወዲያው መክሰም ይጀምራል፤ ስለዚህ የድምፅ መሐንዲሱ ጄፍ ኤመሪክ ድምፁ በደከመ ቁጥር የድምፅ መቆጣጠሪያውን በዝግታ ከፍ እያደረገ ኮርዱን ከ40 ሰከንድ በላይ አቆየው። እጁ ትንሽ ቢፈጥን ድምፁ ሲያብጥ ይሰማ ነበር፤ ቢዘገይ ደግሞ ኮርዱ ቀድሞ ይጠፋ ነበር። እኔ ከኦርኬስትራው ይልቅ ይህን አስበልጣለሁ።

ዘፈኑን በጥሩ ማዳመጫ እስከ መጨረሻው ይስሙት። ማብቂያው አካባቢ አንድ ወንበር ሲጥ ሲል ከሰሙ፣ ኤመሪክ ማይክራፎኖቹን እስከየት እንደከፈታቸው በጆሮዎ ያረጋግጣሉ።