ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ

ከጎሮ አደባባይ ወደ ሰፈራችን በሚያስገባው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ የኮምፒዩተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለች። የቤት ኪራይ ውል፣ የሥራ ማመልከቻና የዕድር ማስታወቂያ ሲታተምባት ይውላል። ጎረቤቴ የሆኑት የሰብአዊ መብት ሕግ መምህርም ቤታቸው የጻፏቸውን ደብዳቤዎች በፍላሽ ይዘው እዚህ ያሳትማሉ። አንድ ቀን ወረፋ ስንጠብቅ ስለ ሥራቸው ብጠይቃቸው፣ ስሙንና አድራሻውን በመዳፋቸው ሸፍነው አንዱን ረቂቅ አሳዩኝ። ደብዳቤ የማነብበት ዓይን ከዚያ ወዲህ ሌላ ነው።

የረቂቁ መነሻ የአንዲት እናት ቃል ነበር፤ «ሰኞ ሌሊት መጥተው ልጄን አፍነው ወሰዱብኝ።» መምህሩ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር እንደ ሰዓት ሠሪ ፈትተው ነው የገጠሙት።

መጀመሪያ የጠየቁት የትኛው ሌሊት እንደሆነ ነው። እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ነው ወይስ ሰኞ ለማክሰኞ? እናትዮዋ አስበው «ሰኞ ለማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ» አሉ። ለባዕድ አንባቢ ይህ ማክሰኞ ንጋት ላይ 3 ሰዓት ይሆናል፤ ቀኑም ሰዓቱም ይለወጣል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ከዚህ አይቆጠርም። ስለዚህ ቆጠራው የሚያበቃው ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ ነው። ሌሊቱ በስሕተት እሑድ ለሰኞ ተብሎ ቢጻፍ ግን አንድ ሙሉ ቀን ይዛነፍና መልስ ሰጪው መሥሪያ ቤት ያንን ብቻ ይዞ ደብዳቤውን በሙሉ ሊጥለው ይችላል።

ቀጥሎ «አፍነው» የሚለውን አወጡት። እናትዮዋ ተሳስተዋል ብለው አይደለም። ማፈን ፍርድ ነው፣ ያዩት ግን ሌላ ነው። በቦታው የገባው «የፍርድ ቤት ማዘዣ ሳያሳዩ» የሚል ሆነ፤ በሩን የከፈቱት እሳቸው ናቸውና ይህን በመሐላ ሊናገሩት ይችላሉ። «ወሰዱብኝ» የምትለዋ ቃል ላይ ሲደርሱ ግን ብዕሩ ቆመ። ያቺ «ብኝ» የእናትን ጉዳት በሁለት ፊደል የያዘች ናት፤ በእንግሊዝኛ ብትፈልጓት ሙሉ ሐረግ ታስወጣለች። መምህሩ ከራሳቸው ዓረፍተ ነገር አወጧትና ዝቅ ብሎ «የተያዘው ሰው እናት እንደገለጹት» ከሚለው በኋላ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ እንዳለች አኖሯት። ማስረጃው በጸሐፊው አፍ፣ ሐዘኑ በባለቤቱ አፍ ተነገረ።

የቀን አቆጣጠሩም የራሱ ጥንቃቄ አለው። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች፣ መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ነበር። በልማድ 11 ብሎ የጀመረ ሰው እስከ የካቲት ድረስ ያለውን ቀን ሁሉ በአንድ ያሳስታል። መምህሩ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ይጽፋሉ፤ የሳምንቱንም ቀን ስም ይጨምራሉ፤ አንዱ ቢሳሳት ሌላው እንዲያጋልጠው።

ይህ ሁሉ የጠባይ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1990 ዓ.ም. የተቀበለችው የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር፣ በአንቀጽ 56 መቀመጫውን ባንጁል ላደረገው የአፍሪካ ኮሚሽን የሚቀርብ አቤቱታ ምን ማሟላት እንዳለበት ይዘረዝራል። መንግሥትን የሚሰድብ ወይም የሚያዋርድ ቃል ሊኖርበት አይገባም። ከመገናኛ ብዙኃን በተለቀመ ወሬ ላይ ብቻ መቆም አይችልም። መፍትሔው ያለቅጥ ካልተጓተተ በቀር የአገር ውስጡ የፍትሕ መንገድ አስቀድሞ ተሞክሮ ማለቅ አለበት። ለእኔ ይህ አንቀጽ ሕግ ብቻ ሳይሆን የደብዳቤ አጻጻፍ ትምህርትም ነው።

የአገር ውስጡን መንገድ አስቀድሞ የመጨረሱ ቅድመ ሁኔታ ከደብዳቤው ግርጌ ያለችውን «ግልባጭ» ሌላ ክብር ይሰጣታል። መምህሩ ለየመሥሪያ ቤቱ ሲጽፉ ቅጂውን መዝገብ ቤት አስገብተው ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ሳያስመቱ አይወጡም። መልስ ቢመጣ እሰየው፤ ባይመጣም ያቺ ማኅተም በሩ መንኳኳቱን ትመሰክራለች። መልስ ያጣ ደብዳቤ እንዲህ ሆኖ የሚቀጥለው ደብዳቤ አባሪ ይሆናል።

እንዲህ የተሠራ ጽሑፍ ምን ያህል ርቀት እንደሚሸከም የሚያሳይ የራሳችን ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 በአርሲ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። ደፋሪው ተፈርዶበት ሳለ ፍርዱ በይግባኝ ተሻረ። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ኢኳሊቲ ናው ጉዳዩን ለአፍሪካው ኮሚሽን አቀረቡ፤ ቁጥሩም 341/2007 ነው። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2015 ኢትዮጵያ የልጅቷን መብት ጥሳለች ብሎ ወሰነ፤ 150 ሺህ ዶላር ካሳም እንዲከፈላት ጠየቀ። በቁጥሩ ላይ ካለው ዓመት እስከ ውሳኔው 8 ዓመት አለ። በስሜት የተጻፈ ቃል ያን ያህል ዘመን ሳይረግብ አይቆምም። በቀን፣ በሰዓትና በምስክር የታሠረ ቃል ግን ጸሐፊው በሌለበትም ራሱን ችሎ ይከራከራል።

ያን ቀን መምህሩ ደብዳቤያቸውን አሳትመው ወጡ። ጥቂት ቆይቼ ስወጣ ታክሲ ሰልፉ ላይ አየኋቸው፤ ረጅም ሰልፍ ነበር፣ እሳቸው ወደ ፊት ደርሰዋል። የአማርኛውንና የእንግሊዝኛውን ቅጂ አንዱን በአንዱ ላይ ደርበው ያነባሉ። ድንገት ከሰልፉ ወጡና ወደ ጽሕፈት ቤቷ ተመለሱ። እንግሊዝኛው ላይ ማክሰኞ መሆን የነበረበት ሰኞ ተብሎ ኖሯል። ገጹን አርመው እንደገና አሳተሙ፤ የተሳሳተውን ቀድደው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ወጥተው ከሰልፉ መጨረሻ ቆሙ። የማያውቁት ልጅ የታሰረበት ሌሊት በትክክለኛ ስሙ እንዲጠራ አንድ ሙሉ ሰልፍ እንደ አዲስ ጠበቁ።