ቼንግዱ፦ መቸኮል የማታውቅ ከተማ
የቻይናዋ ሲቿን ግዛት መዲና ቼንግዱ ሚሊዮኖች የሚኖሩባት ግዙፍ ከተማ ናት፤ ነዋሪዋ ግን በእርጋታ ይኖርባታል። እርጋታዋ ከምድሯ የመነጨ ይመስለኛል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ሊ ቢንግ የተባለ ገዥ የሚን ወንዝን ዱጂያንግየን በተባለ ቦታ፣ ግድብ ሳይሠራ ከፍሎ ወደ ሜዳው አሰራጨው፤ መስኖው ዛሬም ያጠጣል። ጎርፍና ድርቅ የተገታለት አገር ጠግቦ ማረፍን ቢያውቅበት አያስደንቅም።

በሕዝብ መናፈሻው በሄሚንግ ሻይ ቤት ሰው የቀርከሃ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ባለ ክዳን ስኒው ላይ ሙቅ ውኃ እየተጨመረለት ሲጫወት ይውላል፤ ተነሥ የሚለው የለም። ምግቧማ ልዩ ነው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የምግብ ጥበብ ከተማ ብሏታል። በርበሬ የለመደ ምላስ እንኳ እዚሁ የተወለደውን ማፖ ቶፉ የተባለ ምግብ ሲቀምስ፣ ከማቃጠሉ ሌላ አፍ የሚያደነዝዝ የሲቿን ቅመም ያገኛል።

ፓንዳ ለማየት ማለዳ መነሣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በተቋቋመው የምርምርና ማራቢያ ማእከል ቀርከሃቸውን በትጋት ሲያኝኩ የሚታዩት ያኔ ነው፤ ፀሐይ ስትበረታ ይተኛሉ።

ወደ ቼንግዱ የሚሄድ ሰው የሚያያቸውን ቦታዎች ይቀንስ፤ የሚቀመጥበትን ጊዜ ያርዝም። ከተማዋ ራሷን የምትገልጠው ለማይቸኩል እንግዳ ነው።