«የጉሮሮ ስብራት» ስለተባለው ስያሜ

አንገት በግጭት ወይም በምት ተጎድቶ የማንቁርት ልም አጥንቶች የሚሰበሩበትን አደጋ አንዳንድ ተርጓሚዎች «በዱልዱም ጉዳት የሚመጣ የጉሮሮ ስብራት» ሲሉት እናያለን። ሐረጉ ለጆሮ አይጎረብጥም፤ ፍቺው ግን ያሳስበናል።

«ዱልዱም» የሚባለው ስለቱ የጠፋ ቢላዋ ወይም መጥረቢያ ነው። ለጉዳት ሲቀጸል ጉዳቱን ቀላል ያስመስለዋል፤ ይህኛው ግን ቆዳ ሳይቀደድ፣ ደም ሳይታይ ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል። «ቆዳ ያልቀደደ ምት» ቢባል ይረዝማል እንጂ አያሳስትም።

«ጉሮሮ»ም ምግብና አየር የሚያልፍበትን ሁሉ የሚያጠቃልል ሰፊ ቃል ነው። ድምፅ የሚፈጠርበት ክፍል «ማንቁርት» የሚል የታወቀ ስም አለው። የማንቁርትን ትልቁን ልም አጥንት «ታይሮይድ» ብሎ መተውም አይበጅም፤ ታይሮይድ ሲባል ለብዙ አንባቢ የሚታሰበው እንቅርት ነውና። የግሪክኛው ፍቺ ጋሻ መሰል ማለት ነው፤ ዕጢው ይህን ስም ያገኘው ከልም አጥንቱ ተውሶ ሲሆን፣ የሰየመውም ቶማስ ዋርተን በ1656 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ልም አጥንቱን «ጋሻ መሰል»፣ ከሥሩ ያለውንም «ቀለበት መሰል» እንበለው። የኋለኛው በአየር መንገዱ ላይ ያለ ብቸኛ ሙሉ ቀለበት ስለሆነ ሲሰበር መንገዱ ሊደፈጠጥ ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደን «ስብራት» ነው። የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች በተደረደሩበት በኮዬ ፈጬ አንድ ሰው አንገቱ ከባጃጅ መሪ ጋር ተላተመ እንበል። «ስብራት ነው» ሲባል ጎረቤት የሚያስበው ወጌሻን፣ እሽትንና በቀርከሃ ማሰርን ነው። የተሰበረ ማንቁርት ግን ቢታሽ የአየር መንገዱ ሊዘጋ ይችላል። ድምፁ ከሻከረ፣ ደም ከተፋ፣ ሲተነፍስ ካፏጨ፣ ወይም አንገቱ ሲዳሰስ ከቆዳው ሥር አየር ከተንኮሻኮሸ መንገዱ ወደ ሆስፒታል ብቻ ነው። ሐኪሙም አስቀድሞ የሚያድነው ትንፋሹን ነው፤ ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ከማንቁርቱ በታች አንገትን ሰንጥቆ የአየር በር ይከፍታል፤ የተሰበረውን የሚጠግነው ከዚያ በኋላ ነው። ቀላሉም ቢሆን ራስጌን ከፍ አድርጎ፣ ድምፅን አሳርፎ ቢያንስ 24 ሰዓት ክትትል ይሻል።

ቃሉን ለመጣል አንደፍርም፤ ልም አጥንቱ ከዕድሜ ጋር እየጠነከረ ስለሚሄድ በእርግጥ ይሰበራልና። ማስጠንቀቂያ መጻፍ የመዝገበ ቃላት ሥራ አይደለም የሚሉንም አይጠፉም። እኛ ግን ፍቺው እንዲህ እንዲሆን እናሳስባለን፦ «የማንቁርት ስብራት፦ ቆዳ ባልቀደደ ምት የማንቁርት ልም አጥንት መሰንጠቅ ወይም መድቀቅ፤ አይታሽም።»