ወጡን ማን ቀመሰው?

ባሶ ሊበን ወረዳ፣ የጁቤ ውስጥ አንዲት እናት ትናንት የበሉትን ለመጠየቅ ቤታቸው አንድ ሰዓት ተኩል ቆይተን ስንወጣ፣ በቅርቡ የተቀላቀለችን ባልደረባዬ «ለምን በዝርዝር አንጠይቅም? ሽሮ በወር ስንት ጊዜ፣ እንቁላል ስንት ጊዜ፣ ሥጋ ስንት ጊዜ ብንል ሃያ ደቂቃ ይበቃናል» አለችኝ። መንገድ ላይ በአጭሩ መለስኩላት። ረጅሙ መልስ ይኸው።

የድግግሞሽ መጠይቅ የራሱ ቦታ አለው። ዋልተር ዊሌትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተሙት ፍተሻ የተሠራው በአሜሪካ ነርሶች ላይ ነው፤ እያንዳንዷ የራሷ ሳህን ነበራት። ባሶ ሊበን ላይ «በወር ስንት ጊዜ ሥጋ ይበላሉ?» ስንል ግን የትኛውን ወር ነው? በሁዳዴ ከጠየቅን ሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ የሚባል የለም። ከፋሲካ በኋላ ያንኑ ሰው ብንጠይቅ ሌላ ሰው ያገኘን ይመስለናል። እዚህ አገር ማዕዱን የሚከፍለው ጾምና ፍስክ ነው። ስለዚህ የእኔ መጠይቅ «ትናንት ጾም ነበር?» ብሎ ይጀምራል፤ ረቡዕና ዓርብ በናሙናው ውስጥ ድርሻቸውን ካላገኙ ውጤቱን አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በ2011 የተካሄደው አገር አቀፍ የምግብ ፍጆታ ጥናት የ24 ሰዓት ማስታወስን፣ ማለትም ሰው ባለፈው አንድ ቀን የበላውን እንዲያስታውስ መጠየቅን፣ መምረጡ ትክክል ነበር ብዬ እከራከራለሁ።

«ስንት እንጀራ በሉ?» ብሎ መጠየቅም አልወድም። የሰው እንጀራ መቁጠር ነውር ነው፤ መልሱም «ተመስገን፣ ጠግቤያለሁ» ነው። ደግሞ ከአንድ ትሪ አምስት ሰው ሲበላ ማን ስንት እንደበላ ማን ያውቃል? ጉርሻውስ የአጉራሹ ነው የጎራሹ? እንጀራ ትሪ ላይ ዘርግቼ «በፊትዎ የነበረውን ያሳዩኝ» እላለሁ። እጅ ያስታውሳል። የዚያን ቀንም ሴትዮዋ ከዳር ጀምረው ቆረሱ፣ ትንሽ አሰቡ፣ ከቆረሱት ግማሹን ወደ ጎን ገፉ። «ይቺ የሕፃኑ ነች» አሉ። የቀረውን ሚዛን ላይ አስቀመጥነው።

እኚሁ እናት መጀመሪያ ላይ «እስከ ማታ እህል አልቀመስኩም» ብለውን ነበር። ከቤት የወጡበትን ሰዓትና ጎራ ያሉበትን ቤት ስንጠይቃቸው ግን ጎረቤት ቡና ጠጥተዋል፣ ከቡናው ጋር አንድ እፍኝ ቆሎ ቆርጥመዋል፣ ማኅበር ላይ ሁለት ጣሳ ጠላ ጠጥተዋል። ለእሳቸው ቆሎ መቆርጠሚያ፣ ጠላ መጠጥ ነው፤ እህል ከመሶብ የሚወጣው ነው። ዝርዝሩ ላይ «ቆሎ» የሚል መስመር ቢኖር ኖሮ እንኳ «አልፎ አልፎ» ብለው ያልፉት ነበር።

የምግብ ይዘት ሠንጠረዥም ቢሆን ሁሉን አይነግረንም። ጤፍ በብረት የበለጸገ ሆኖ የሚታየው በከፊል አውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ አፈር ስለሚቀላቀልበት ነው፤ ከዚያ ብረት ሰውነት የሚጠቀመው ጥቂቱን ነው። እንጀራውን በግራም ብንመዝነውም አውድማውን ካልጠየቅን የብረቱ ቁጥር ያሳስተናል።

መጠይቄ ላይ ሁሉም ሊሰርዘው የሚፈልግ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ወጡን ማን ቀመሰው?» የሚቀመሰው ጠብታ ነው፣ ለካሎሪ አይደለም። ጥያቄው ግን ባለቤቲቱን ወደ ምድጃው ይመልሳታል። ዘይቱን በምን እንደለካች፣ ሽሮውን ስንት ጭልፋ እንደበተነች፣ ማን አጠገቧ እንደነበረ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ይህን ያወቅሁት ከእናቴ ነው። በጾም ቀን ሳይፈታ ስለማትቀምስ፣ ገና ለጾም ያልደረስኩት እኔ ቀማሿ ነበርኩ። መዳፌ ላይ ጠብ ታደርግልኝና ዓይኔን ታያለች፤ «ጨው አንሶታል» እላታለሁ። ዓመታት አልፈው መጠይቅ መሙላት ስሠለጥን የተለማመድኩት በእሷ ላይ ነው። «ትናንት ምን በላሽ?» አልኳት። አባቴ የበላውን ነገረችኝ። ልጆቹ የበሉትን ነገረችኝ። «የራስሽን» ስላት ዝም አለች።

«ወጡን ማን ቀመሰው?» ብዬ ስጠይቃት ሳቀች፤ ከዚያ ከእሳቱ ዳር ጀመረች። ልጆቹ የተዉት ፍርፋሪ፣ ድስቱን የጠረገችበት ቁራሽ፣ ከቡናው በኋላ ጥቂት ንፍሮ። አንድ ገጽ ሞላ። የእናቴን ምግብ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው።

እስክሪብቶዬን ላስቀምጥ ስል «ጠዋት የበላኋት ማሟሻስ ትጻፋለች?» አለችኝ።

ጻፍኳት።