ስሕተትን የሚያሳይ መሣሪያና ምክንያቱን የሚከታተል መሣሪያ

በድረ ገጽ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ሲሳሳት፥ ስሕተቱ የሚታይበት ቦታና የተወለደበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ስለዚህ የስሕተት መፈለጊያ መሣሪያ ሲመዘን «ምን ያሳያል?» ተብሎ ብቻ ሳይሆን «ከሚታየው ነገር ተነሥቶ ወደ ምክንያቱ ይመራልን?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። እኛም ፋየርበግ የተባለውን መሣሪያና ወራሾቹን በዚሁ ሚዛን ለመመዘን እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የሚገባውን ምስጋና እንስጥ። በ2004 ጂሜይል፥ በ2005 ጉግል ማፕስ ሲወጡ፥ ድረ ገጽ እንደ ወረቀት የሚነበብ ነገር ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሚሠራ ፕሮግራም እንደ ሆነ ለብዙዎች ግልጽ ሆነ። የጃቫስክሪፕት ጸሐፊ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስሕተቱን የሚፈልገው፥ «እዚህ ደርሻለሁ» የሚል የመልእክት ሳጥን በየመስመሩ እየጨመረ ነበር። ጆ ሂዊት በ2006 ለፋየርፎክስ ያወጣው ፋየርበግ ይህን ድካም አቃለለ። መሣሪያው እያደገ ሲሄድ የገጹን አሠራር፥ ወደ መረቡ የተላከውን ጥያቄና የመጣውን መልስ በአንድ መስኮት ሰበሰበ፤ ፕሮግራሙንም በተፈለገው መስመር ላይ ማቆም አስቻለ። በ2017 ፋየርፎክስ 57 ሲወጣ አገልግሎቱ አበቃ፤ ሐሳቡ ግን በዛሬዎቹ ብራውዘሮች ውስጥ ይኖራል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ከሞላ ጎደል የአሁኑን ሁኔታ የሚያሳይ ነው። ጉድለቱ በምሳሌ ይታይ። አንድ ሰው በመፈለጊያ ሳጥን ውስጥ «ጎ» ብሎ ጀምሮ «ጎንደር» ብሎ ይጨርሳል እንበል። ገጹ ሁለት ጥያቄዎች ይልካል፤ የ«ጎ» መልስ ዘግይቶ ከ«ጎንደር» መልስ በኋላ ቢደርስ፥ ትክክለኛውን ዝርዝር ሽሮ በቦታው ይቀመጣል። ስሕተቱን ለመያዝ ሁለተኛው ጥያቄ ከመላኩ በፊት ፕሮግራሙን ብናቆመው፥ እኛ ቆመን ስንመለከት የመጀመሪያው መልስ ይደርሳል፤ ፕሮግራሙ ሲቀጥል መልሶቹ በተራቸው ይስተናገዳሉ፥ ስሕተቱም ይጠፋል። መርማሪው በመግባቱ ብቻ የሚመረመረው ነገር ተለወጠ ማለት ነው። በየመስመሩ ማስታወሻ መጻፍም ሙሉ መፍትሔ አይሆንም፤ ማስታወሻ የሚመሰክረው ጸሐፊው አስቀድሞ የጠረጠረውን ነገር ብቻ ነውና። ወራሾቹ የመረቡን ጥያቄዎችና እያንዳንዱ ሥራ የፈጀውን ጊዜ መመዝገባቸው እርግጥ ነው፤ ያለፈው የተለዋዋጮች ዋጋ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ አይገኝም።

ታዲያ ምን ይደረግ? እያንዳንዱን እርምጃ መመዝገብ ሸክሙ ከባድ ነው። ደግነቱ፥ አንድ ፕሮግራም ከውጭ የሚገባለት ነገር በዚያው ቅደም ተከተል ተመልሶ ከተሰጠው በዚያው መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ የፊደል ምቱን፥ የመዳፊቱን ጠቅታ፥ ከመረቡ የመጣውን መልስ፥ ከሰዓት የተነበበውን ጊዜና በዕጣ የወጣውን ቁጥር መመዝገብ ይበቃል፤ የቀረውን ማሽኑ ራሱ ደግሞ ይሠራዋል። ይህ ባዶ ምኞት አይደለም። በሞዚላ የተሠራው «አርአር» የተባለው መሣሪያ በሊኑክስ ላይ የሚሄዱ ፕሮግራሞችን በዚህ ዘዴ መዝግቦ ይደግማል፤ ወደ ኋላም ያስኬዳል። ዋጋው ጎን ለጎን የሚሄዱትን ሥራዎች በየተራ ማስኬዱ ነው፤ ስለዚህ ሥራው ይዘገያል።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ዋጋም አለ። መዝገቡ የተጠቃሚውን የይለፍ ቃልና ደብዳቤ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ምስጢር የሆነው ነገር ከተጠቃሚው ማሽን ከመውጣቱ በፊት መሸፈን አለበት፤ መዝገቡም ያለ ፈቃዱ ወደ ማንም ሊላክ አይገባም። ይህን የማይጠብቅ መሣሪያ ስሕተት ፈላጊ ሳይሆን ሰላይ ነው።

ይህ ለምን ያሳስበናል? መስመሩ በሚዘገይበት ቦታ ያለ ተጠቃሚ፥ ከሰርቨሩ አጠገብ ተቀምጦ የሚጽፈው ሰው የማያየውን ስሕተት ያያል። አቤቱታ ሲያቀርብም «እኛ ዘንድ በደንብ ይሠራል» የሚል መልስ ሊደርሰው ይችላል፤ ማስረጃ የለውምና ዝም ይላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እርሱ ግን የሚያስረዳበት መንገድ አጣ እንጂ አልደበቀም።

ስለዚህ የእኛ ፍርድ ይህ ነው። ፋየርበግ ለፕሮግራም ጸሐፊው ዐይን ሰጠው፤ ከእንግዲህ የሚሠራው መሣሪያ ለተጠቃሚው አንደበት መስጠት አለበት። በዚህ ሙያ ልንሠማራ የምናስብ ተማሪዎችም አዲስ መስኮት ከመጨመራችን በፊት፥ ስሕተቱን ያየው ሰው ላላየው ሰው እንዴት አድርጎ ያስረዳው ብለን እንጠይቅ።