ነጭ የመሰለው ሪባን

በኮሪያ ዘመቻ የተነሡ ፎቶግራፎችን ለዘማቾቹ ልጆች እያነበብሁ፣ በደረትና በትከሻ ላይ ያለው ምልክት የማን እንደ ሆነ መለየት ከጀመርሁ ወዲህ፣ የንባብ ቤት መምህር ፊደል ያልለየውን ደቀ መዝሙር ወደ ትርጓሜ እንዳይሻገር የሚከለክልበት ምክንያት ከዓመት ወደ ዓመት ይበልጥ እየገባኝ ሄዷል። በእኛ ሥራ ፊደሉ ፊልሙ ነውና።

በዚያ ዘመን በተራው ካሜራ ይገባ ከነበረው ፊልም ብዙው ኦርቶክሮማቲክ የሚሉት፣ ቀይ ብርሃን የማይሰማው ዓይነት ስለ ነበረ፣ ቀዩን ኅብር ያጠቁረዋል፣ ሰማያዊውን ደግሞ ያነጣዋል። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ሲደርስ የተመደበበት የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ምልክት ቀይ ክብ ሲሆን፣ በመካከሉ አንዱ ቀንቶ አንዱ ተዘቅዝቆ ከተጋጠሙ ሁለት የ7 ቁጥሮች የወጣ፣ የአሸዋ ሰዓት የሚመስል ጥቁር ቅርጽ አለበት፤ እንዲህ ባለው ፊልም ሲነሣ ግን ቀዩ ከጥቁሩ ጋር ተዋሕዶ በትከሻው ላይ የከሰል ጠባሳ የመሰለ ክብ ብቻ ይቀራል።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ተሳስቻለሁ። አንዲት ወይዘሮ የአባታቸውን ሥዕል ይዘው በመጡ ጊዜ፣ በደረቱ ላይ ያለችውን ነጭ ቁራጭ ጨርቅ አየሁና፣ የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ ሪባን ባለ መስመር መሆኑን በመተማመን፣ «ይህ የኮሪያ አይደለም» ብዬ በድፍረት አሰናበትኋቸው። በሳምንቱ ተመልሰው መጡና በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር ከጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ፤ «እስቲ ይኼን ይቁጠሩልኝ» አሉኝ። ሜዳዩ ራሱ ነበር፤ ጽሕፈቱም በአማርኛ። በመርፌ ጫፍ እየተከተልሁ ብቆጥር ፈዛዛ ሰማያዊና ነጭ የሚፈራረቁበት 17 መስመር ሆነ። ያን ጊዜ ሥዕሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብዬ በማጉያ መነጽር ደግሜ ስመለከት፣ ነጭ ባልሁት ሪባን ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጥላዎች ነበሩ፤ ሰማያዊውን ፊልሙ አንጥቶብኝ ኖሯል። ወይዘሮዋ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከምልክቱ በፊት ቁልፉን አያለሁ። የወንድ ኮት ግራው በቀኙ ላይ ይደረባልና፣ ተገላቢጦሽ ሆኖ ሜዳዩም በቀኝ ደረት ከታየ፣ ያጠበው ሰው ፊልሙን ገልብጦታል ማለት ነው፤ በአሜሪካኖች ሥርዓት በግራ ትከሻ የሚሰፋው ወታደሩ ያለበት ክፍል፣ በቀኝ የሚሰፋው ቀድሞ የዘመተበት ስለ ሆነ፣ ይህን ያላስተዋለ አንባቢ በግንባር ያለውን ሰው ከግንባር ተመላሽ ያደርገዋል።

የወይዘሮዋን ሥዕል ስመልስ፣ በፖስታው ላይ በእርሳስ፣ «የትከሻው ጥቁር ክብ የ7ኛ ክፍለ ጦር ነው፤ አንድም ሌላ ቀይና ጥቁር ምልክት ነው» ብዬ ጻፍሁ። አነበቡትና «አንድሙን ይተዉት» አሉኝ። አልተውሁትም።